ለጀማሪ የምትሆን ሽጉጥ

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቷችንን ይዘን ስለ ስልክ እናወራ ነበር። የትኛው ካሜራው ይሻላል፣ የትኛው ባትሪው ይቆያል፣ የትኛው «ኦሪጅናል» ነው የትኛው ፌክ፣ ምናምን። ከመሀላችን አንዱ ድምፁን ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ ግን በዚያው በስልክ ወሬ ቃና፣ «እሱን ተዉትና፣ ለጀማሪ የምትሆን ሽጉጥ የቷ ናት?» አለ።

ማንም አልደነገጠም። እኔን ያስደነገጠኝም ይኸው ነው።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጠረጴዛው በሙሉ ባለሙያ ሆነ። አንዱ «ማካሮቭ ያዝ፣ የራሺያ ነገር አይበላሽም» አለ። ሌላው «ቱርክ ትሻልሃለች፣ ቀላል ናት፣ ወገብ ላይ አትታይም» አለ። ሦስተኛው «ስታር ነው እንጂ!» ብሎ ጮኸ፤ ለምን ስታር እንደሆነ ሲጠየቅ ግን አጎቱ ዘንድ አይቶ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። አራተኛው፣ በሕይወቱ ከወንጭፍ ያለፈ መሣሪያ ጨብጦ የማያውቀው፣ የካርታ አቅምና የጥይት ዓይነት እየጠቀሰ አስተማረን። ትምህርቱን የቀሰመው ከፐብጂ ነው። (ፐብጂ ላይ ብትሞት እንደገና ትጀምራለህ። እዚህ ግን… ይቅር።)

ጠያቂው ሽፍታ አይደለም። ዱርዬም አይደለም። ዲግሪ አለው፣ ቢሮ ይገባል፣ ዕቁብ ይጥላል። ለምን እንደጠየቀም አውቃለሁ። በዓመት ሁለት ሦስቴ አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ የኛ መንገድ ደግሞ የታወቀ ነው። በደጀን ቁልቁል ወርደህ፣ ዓባይን ተሻግረህ፣ ጎሃ ጽዮን፣ ገርበ ጉራቻ፣ ፍቼ እያልክ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለህ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎችን ጨምሮ ከ100 በላይ መንገደኞች መታገታቸው የተዘገበው እዚያው ገርበ ጉራቻ አካባቢ ነው። በዚያው ዓመት ማብቂያ ጎንደር ላይ ሕዝቡ አደባባይ የወጣው በአንዲት የታገተች የሁለት ዓመት ሕፃን ሞት አንጀቱ ተቃጥሎ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ጦርነት ደግሞ ለማርቆስ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ያን ክረምት ወለል ላይ ተኝቶ ተኩስ ሲያዳምጥ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ወዳጄን «ፈሪ» ብዬ አልሳለቅበትም። ፍርሃቱ ልክ ነው። መድኃኒቱ ነው ያልገባኝ። እንዲያውም «የቷ ትሻላለች?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ማታለያ ነው እላለሁ። ምክንያቱም ጥያቄው ሲጠየቅ ከመደርደሪያ ላይ የተደረደሩ ዕቃዎች ያሉ፣ አንተም መርጠህ የምትገዛ ደንበኛ የሆንክ ይመስላል። መደርደሪያውም የለም፤ ደንበኛም አይደለህም።

እስቲ ጥያቄውን እንደ ቁም ነገር እንያዘው። ሽጉጥ በሕጋዊ ሱቅ በሚሸጥበት አገር፣ ሐቀኛ የሆነ ሻጭ ጀማሪ ሲመጣበት ስለ ማርካ አይደለም መጀመሪያ የሚያወራው። ፈቃድ አለህ ወይ ይላል። እጅህ ውስጥ በልኩ ትገባለች ወይ፣ ቃታዋን ሳትንቀጠቀጥ መሳብ ትችላለህ ወይ ይላል። ትክክለኛ ጥይቷን፣ ለመለማመጃ የሚበቃ ያህል፣ ታገኛለህ ወይ? ማን ያስተምርሃል? የት ትለማመዳለህ? ቤት ስትገባ የት ቆልፈህ ታስቀምጣለህ? ማርካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። እኛ ጠረጴዛ ላይ ግን የመጨረሻው ጥያቄ ብቻ ነበር የተነሳው።

ከወረቀቱ ልጀምር። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል ሕግ አለ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ መሸጥ፣ ማዘዋወር ወንጀል ነው። በሕጉ አስተሳሰብ ፈቃድ ይቀድማል፣ መሣሪያ ይከተላል። እኛ ዘንድ መሣሪያው ይቀድማል፤ ፈቃዱ «ይታሰብበታል»። ሽጉጥ በመስኮቱ ደርድሮ ዋጋ የለጠፈ ሱቅ ማርቆስ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ያለው የሰው ሰው ነው፤ «እገሌን ደውልለት» የሚሉት ነው። ሰውዬው በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣልሃል፤ ከየት እንደመጣች አይነግርህም፤ አንተም አትጠይቅም። ባለፈው ወር በማን እጅ እንደነበረች፣ ማንን እንደገደለች አታውቅም። በእጅህ ስትያዝ ግን ታሪኳ ሁሉ ያንተ ነው። አሮጌ ስልክ ስትገዛ እንኳ ካርቶኑንና ደረሰኙን የምትጠይቅ ሰው፣ ሰው የሚገድል ዕቃ ስትገዛ ደረሰኝ አያስፈልግህም?

ደግሞ ያቺ «ቱርክ» የምትባለው። ፖሊስ በየጊዜው «ይህን ያህል ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ በኮንትሮባንድ ሲገባ ያዝኩ» ሲል ሰምታችኋል። ቱርክ ደህና ሽጉጥ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሏት፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን ድምፅ ብቻ የሚያሰሙ፣ ለማስደንገጫ የተሠሩ ሽጉጦችም በብዛት ትሠራለች። መልካቸው ከእውነተኛው አይለይም። አካላቸው ብዙውን ጊዜ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ የእውነተኛ ጥይትን ግፊት ይችላል ተብሎ አልተሠራም። እነዚህን አፈሙዛቸውን እየለወጡ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የሚያደርጉ ሰዎች በብዙ አገር አሉ። እንዲህ ያለችው ሽጉጥ አንድ ቀን እጅህ ላይ ፈንድታ ጣትህን ይዛ ትሄዳለች። ከጨርቅ ውስጥ ስትወጣ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት አንተ ማን ነህ? የፐብጂው መምህራችን ይለይልህ?

ማካሮቭ ያለውም ቢሆን ነገሩን በደንብ አላሰበበትም። ማካሮቭ ከ1940ዎቹ መጨረሻ የሶቪየት ንድፍ ነው፤ ቀላልና ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው። ጥይቱ 9 ሚሊ ሜትር ይባላል፤ የብዙዎቹ የምዕራብና የቱርክ ሽጉጦች ጥይትም 9 ሚሊ ሜትር ይባላል፤ ግን አንድ አይደሉም። የአንዱ ቀለህ 18 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሌላው 19፤ የእርሳሱም ውፍረት ይለያያል። «ዘጠኝ ነው፣ ዘጠኝ ነው» ብሎ የሸጠልህ ሰው ጥይቱን እንጂ ልዩነቱን አይሸጥልህም። ሌላው የሩሲያ ዘር፣ ቶካሬቭ፣ ሲጀመር የተለየ የእጅ መጠበቂያ እንኳ የለውም። ጥይት ጎርሶ ወገብህ ላይ ሲቀመጥ ባጃጅ ውስጥ ጎንበስ ባልክ ቁጥር ምን ላይ እንዳነጣጠረ አንተው አስበው።

የልምምዱን ነገር ካነሳን ደግሞ ጨዋታው ያልቃል። የኒው ዮርክ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2008 በራንድ የጥናት ተቋም ተመርምሮ ነበር። በተኩስ ልውውጥ ጊዜ ፖሊሶቹ ከተኮሷቸው 100 ጥይቶች ዒላማቸውን ያገኙት 18ቱ ያህል ብቻ ናቸው። እነዚህ ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ አሠልጣኝ ተመድቦላቸው፣ ጥይት እየቀረበላቸው የሚለማመዱ ሰዎች ናቸው። የቀሩት 82 ጥይቶች የት ገቡ? ግድግዳ፣ መኪና፣ አስፋልት፣ አንዳንዴም አላፊ አግዳሚ። አንተ ጥይት በፍሬ እየቆጠርክ ገዝተህ፣ አንድም ቀን በወጉ ሳትለማመድ፣ ጨለማ ውስጥ፣ እጅህ እየተንቀጠቀጠ፣ በጭቃና በቆርቆሮ ቤቶች መሀል ስትተኩስ ከመቶው ስንቱ ዒላማህን ያገኛል? የጎረቤትህ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ከጭቃው ጀርባ ልጆች ተኝተዋል።

እሺ፣ አልመህ ትመታለህ እንበል። አሜሪካዊው የፖሊስ አሠልጣኝ ዴኒስ ቱለር እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው ነገር አለ። ስለት የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ማለትም ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ሮጦ አንተ ዘንድ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይበቃዋል። ይህም የሠለጠነ ፖሊስ ሽጉጡን ከማህደሩ አውጥቶ ለመተኮስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። አንተ ከጃኬት ሥር፣ ከሹራብ ሥር፣ ከቀበቶ ውስጥ ፈልገህ ልታወጣ ነው። የማርቆስን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ማታ ማታ ሦስት ልብስ ደርበን ነው የምንወጣው።

የመንገዱ እገታማ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። አውቶቡስ የሚያስቆመው አንድ ቢላ የያዘ ሌባ አይደለም፤ ክላሽ የታጠቁ፣ ቦታ የያዙ፣ ብዙ ሰዎች ናቸው። በመስኮት በኩል በሽጉጥ ልትገጥማቸው ነው? ተፈትሸህ ሲገኝብህስ? እስካሁን አንድ ተማሪ፣ አንድ ሠራተኛ ነበርክ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጥያቄው «ማን ነው የላከህ?» ይሆናል። በኬላም እንደዚያው ነው። በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ክልል፣ ዕድሜው ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወንድ ልጅ ወገቡ ላይ ሽጉጥ ሲገኝ በአንደኛው ኬላ ታጣቂ ነው፣ በሌላኛው ሰላይ። «ለራሴ መጠበቂያ ነው» የሚለውን ቃል ማን ነው ቁጭ ብሎ የሚሰማህ? ጠብቀኝ ብለህ የያዝካት ነገር ናት ከተሳፋሪው ሁሉ አንተን ለይታ የምታወጣህ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ክርክር አለ፤ እሱን ሳልመልስ አላልፍም። «ጎጃሜ ያለ መሣሪያ ምንድነው? አባቶቻችን…» ይባላል። አባቶቻችን እንዴት ይዘውት ነበር ታዲያ?

እኔ የማውቃቸው የገጠር ሽማግሌ አሉ፤ አያ ነው የምንላቸው። ምንሽር አላቸው። ምንሽር ማለት የኦስትሪያው ማንሊከር ነው፤ ውጅግራ ደግሞ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ፤ ስማቸው እንኳ እኛ አፍ ውስጥ ገብቶ ጎጃሜ ሆኗል። የአያ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ ነው የሚውለው። ከሩቅ ይታያል። አገሩ በሙሉ የማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተገዛ፣ ስንት በሬ እንደተሸጠለት ያውቃል። አያ ሲሰክሩ ሚስታቸው ትሸሽገዋለች፤ ከጎረቤት ሲጣሉ ሽማግሌ መጥቶ መጀመሪያ የሚይዘው ጠመንጃውን ነው። መዝገቡ የሰው ዓይን ነበር። ፍጹም ነበር አልልም። በሰርግ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት መውረጃውን ማንም አይጠይቅም፣ ደም መመለስም ስንት ቤት ዘግቷል። ግን የተደበቀ ነገር አልነበረም።

ሽጉጥ ሌላ ፍጡር ነው። ሽጉጥ የሚሠራው እንዲደበቅ ነው። ከተማ ውስጥ፣ ጃኬት ሥር፣ እናትህም ሳታውቅ፣ የቤት አከራይህም ሳያውቅ። ስትሰክር የሚሸሽግልህ የለም፤ መኖሩን የሚያውቅ የለማ! በላይ ዘለቀ ጣሊያንን አምስት ዓመት የተዋጋው፣ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብሩን እምቢ ብሎ የተነሳው፣ በግልጽ ተሰባስቦ ነው። አረቄ ቤት ውስጥ ወገቡን እየዳሰሰ «ታውቀኛለህ?» የሚለውን ጎረምሳ ከነሱ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ማንሳት በበኩሌ ስድብ ነው።

አረቄ ቤቱንም ለማሳመር አይደለም ያነሳሁት። ብዙዎቻችን የምናውቀው ጥል ከማን ጋር ነው? ከሽፍታ ጋር? አይደለም። ከጓደኛ ጋር፣ በሴት፣ በዕዳ፣ በቢራ፣ በኳስ። ትናንት በቡጢ ያልቅ የነበረው፣ ከንፈር አብጦ በሦስተኛው ቀን በዕርቅ ይዘጋ የነበረው ጥል፣ ሽጉጥ ሲገባበት በቀብር ያልቃል። እዚህ ላይ ደግሞ ሕጉን የማያውቅ ብዙ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ግን ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ከልክ ካለፈ አንቀጽ 79 አለ። በቡጢ የመጣን ሰው በጥይት ብትመልሰው፣ ያውም ፈቃድ በሌላት ሽጉጥ፣ ለዳኛው የምትነግረው ነገር ቀላል አይሆንም። ዳኛው ቢያሰናብትህ እንኳ የሟች ወንድም አንቀጽ አያነብም። ደመኛ ሆነሃል። አንተ ብቻ ሳትሆን ወንድምህም፣ ያጎትህ ልጅም። ጎጃም ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ጎጃም አልኖረም።

የቤቱ ነገር ደግሞ አለ፤ ሰው አፍ አውጥቶ የማይናገረው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ትልቅ ጥናት ካሊፎርኒያ ውስጥ 26 ሚሊዮን ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች በመሣሪያ ራሳቸውን የማጥፋት ዕድላቸው ከሌላቸው ወንዶች ስምንት ጊዜ ያህል፣ ሴቶቹ ደግሞ 35 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ አግኝቷል። እነዚያው ተመራማሪዎች በ2022 የጻፉት ሌላ ጥናት ደግሞ ከሽጉጥ ባለቤት ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች በሰው እጅ የመገደል ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ እንዳገኙት ይናገራል። ካሊፎርኒያ ደብረ ማርቆስ አይደለችም፣ አውቃለሁ። ግን ሥራ ያጣ፣ እጮኛው የተለየችው፣ ሌሊት ግድግዳ እያየ የሚያድር ልጅ ማርቆስም ካሊፎርኒያም አንድ ነው። እንዲህ ባለው ሌሊት ወንዝ ድረስ መሄድ መንገድ አለው፤ በመንገዱ ሰው ያገኛል፣ ይነጋል። ትራስ ሥር ያለች ሽጉጥ መንገድ የላትም።

መንግሥትንም ዝም ብዬ አላልፍም። «መሣሪያህን አስመዝግብ፣ አስረክብ» ማለት ቀላል ነው፤ የሚያስረክበው ደግሞ ሁልጊዜ ያው የማያሰጋው ሰው ነው። አጋች መጥቶ ሲያስመዘግብ አላየንም። ወዳጄን ወደ ጨርቁ ሻጭ የገፋው የወንድነት ፉከራ ብቻ አይደለም፤ ደውሎ የሚደርስለት እንደሌለ ማወቁም ነው። ደጀን ላይ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ የወሰደው ተማሪ አዲሱ ገበያ ሲደርስ የሚነቃበት መንገድ ቢኖረን፣ የዚያን ቀን ካፌው ውስጥ ስለ ስልክ አውርተን እንለያይ ነበር። ይህን መጠየቅ መብታችን ነው፤ ሽጉጥ መግዛት ግን መጠየቁን መተው ነው። የገዛ ሰው «እኔ ተገላገልኩ» ይላል፤ መብራት ስለሌለው ሠፈር፣ ስለማይጠበቀው መንገድ መጮህ ያቆማል።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለኝ ወዳጄ። አሰልቺ ነገር ነው የነገርኩት። አምሽተህ መንገድ አትጀምር። መቼ እንደምትሄድ፣ በምን እንደምትሄድ ፌስቡክ ላይ አትለጥፍ። ከመነሳትህ በፊት በዚያ መንገድ ትናንት የመጣ ሰው ጠይቅ፤ ካልሆነ ቅር። ሽጉጥ ልትገዛበት ያሰብከው ብር ለግቢህ የብረት በር፣ ለደጅህ አምፖል፣ ከጎረቤት ጋር ተዋጥታችሁ ለምትቀጥሩት ዘበኛ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ፉጨት ቢሰማ ሁሉም በሩን ከፍቶ የሚወጣበት ሠፈር እንዲሆን ከዕድሩ ጋር ተነጋገር፤ ዕድር ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማነው? እነዚህ ሁሉ ወገብ ላይ አያምሩም፤ ፎቶም አይነሱም። የሚያድኑትም ሁሉን አይደለም። ሽጉጧ ግን ከዚህ ያነሰ ነው የምታድነው፣ ከዚህ ብዙ ነው የምትወስደው።

አልተዋጠለትም። ፊቱ ይናገራል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፦ «ገዛሃት እንበል። ማታ የት ነው የምታስቀምጣት?»

«ፍራሽ ሥር» አለ፤ አስቦበታል ማለት ነው።

«ፍራሹን ማነው የሚያነጥፈው?»

ታናሽ እህቱ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አብራው ነው የምትኖረው፣ ለትምህርት ከገጠር መጥታ።

ዝም አለ። አስተናጋጇ ሒሳብ ይዛ መጣች፣ ተዋጣን፣ ተነሳን። ሐሳቡን ለውጦ እንደሆነ እስካሁን አልነገረኝም። ሻጩ የቀጠረው ለቅዳሜ ነበር።